የአዋሽ ሸለቆ ገበያና የግመል አገልግሎት በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ

መግቢያ

በትምህርት ቤቶቻችን የታሪክ ትምህርት ውስጥ የአዋሽ ከተማ ስም የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከምድር ባቡር ታሪክ ጋር ተያይዞ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በበረሃው ላይ ጣቢያዎችን እንደ ተከለ፣ ጣቢያዎቹም ቀስ በቀስ ወደ ከተማነት እንደ ተለወጡ ለተማሪው ይነገረዋል። አገላለጹ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። ስለ ሐዲዱ፣ ስለ ኩባንያውና ስለ ድልድዩ ይናገርና፣ ሐዲዱ በደረሰበት ሥፍራ ማን ምን ይዞ እንደ መጣ፣ ምን ሸጦ ምን ገዝቶ እንደ ተመለሰ፣ ከሸቀጡም ሌላ ምን ዓይነት አገልግሎት በዋጋ ይሰጥ እንደ ነበረ ሳያነሣ ያልፋል። በዚህ አቀራረብ ለተማረ ልጅ የአፋሩ አርብቶ አደር ባቡሩ ሲያልፍ ቆሞ የሚመለከት ሰው ብቻ ሆኖ ይታየዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጉድለት በመጠኑ ማቃናት ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአዋሽ ሸለቆ ይለወጥ የነበረው ሸቀጥ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በእንስሳ ጉልበትና እንስሳውን በሚያውቀው ሰው ዕውቀት ነበር። ይህ ጉልበትና ይህ ዕውቀት ራሱ የሚሸጥ ነገር ነበር። የቆመውም በወንዙ ዳር ባለው የበጋ ግጦሽ ላይ ነበር። ይህ ሦስተኛው ነጥብ ችላ በመባሉ ኋላ የደረሰው ጉዳት በጽሑፉ መጨረሻ ገደማ ይታያል።

ስለ ቦታው ጥቂት ማስታወስ ይገባል። አዋሽ ወንዝ ከመካከለኛው ደጋ ተነሥቶ ወደ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ባሉት ሐይቆች ውስጥ ያልቃል። የአዋሽ ከተማ የምትገኘው ወንዙ ወደ አፋር ቆላ በሚገባበት በላይኛው በኩል ሲሆን፣ ሰመራ ያለችው ደግሞ በታችኛው በኩል፣ ለሎጊያና ለዱብቲ ቀርባ ነው። ሆኖም መምህራን አንድ ነገር ልብ እንዲሉ ያስፈልጋል፤ ሰመራ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ለአፋር ክልል መናገሻ እንድትሆን ታቅዳ የተቆረቆረች አዲስ ከተማ ናት። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ታችኛው አዋሽ ሲነገር የሚታሰበው የአውሳ ሱልጣኔትና መቀመጫው የሆነው የአሳይታ አካባቢ ነው። ዘመናቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ሲሆን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የሆኑት «እ.ኤ.አ.» ተብለው ተለይተዋል።

ከሐዲዱ በፊት የነበረው ንግድ

ባቡሩ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ከታጁራና ከዘይላ የባሕር በር ተነሥቶ የአፋርን ቆላ አቋርጦ ወደ ሸዋ የሚወጣ የቅፍለት መንገድ ነበር። መንገዱ ከይፋት ደጋ ግርጌ ሲደርስ ፋሬ በተባለው ሥፍራ ኬላ ይገጥመዋል። ከዚህ በላይ ያለው ዳገት ለግመል የማይመች በመሆኑ ጭነቱ ከግመል ወርዶ በበቅሎና በአህያ ይጫናል። ዳገቱ ላይ የሚገኘው አልዩ አምባ ዓርብ ዓርብ የሚቆም ገበያ ነበረው። በዚያም የአፋሩ ጨው፣ የደጋው እህልና ቡና፣ የአርጎባው ጥጥና ሸማ ይገናኙ ነበር። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻለቃ ሐሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ በመጣ ጊዜ ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ ምን ይሸጥ ነበር? ሸቀጡን መዘርዘር ቀላል ነው። ከቆላው በኩል የአሳል ሐይቅ ጨው፣ ቅቤ፣ ፍየልና በግ፣ ግመል፣ ቆርበት፣ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌንና ገመድ ይወጣ ነበር። ከደጋው በኩል ማሽላና ሌላም እህል፣ ቡና፣ ትምባሆ፣ ጨርቅና ከብረት የተሠራ ዕቃ ይወርድ ነበር። መገበያያው ጠገራ ብር ሲሆን፣ ለትንንሹ ግዢ በደጋው ገበያዎች አሞሌ ጨው፣ በኋላም ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር።

ከዚህ የሚከብደው አገልግሎቱን መዘርዘር ነው፤ ምክንያቱም በቀረጥ መዝገብ አይገባም፤ ኬላው የሚቀርጠው ጭነቱን እንጂ ጭነቱን ያመጣውን ጥበብ አይደለም። ነጋዴው ግመል ሲከራይ የሚከራየው እንስሳውን ብቻ አልነበረም። ከግመሉ ጋር ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ ዘመድ አብሮ ይመጣል፤ ሰሌኑንና የጭነቱን እንጨት፣ ገመዱንና የውኃ መያዣውን ይዞ። ጭነቱን በሁለቱ ጎን አስተካክሎ ማሰር፣ የግመሉ ጀርባ እንዳይቆስል መደላድሉን ማበጀት፣ ማታ አራግፎ ማሰማራት፣ ጎሕ ሳይቀድ ሰብስቦ መጫን የእርሱ ድርሻ ነው። አንድ ደህና የጭነት ግመል ከ150 እስከ 200 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ ያለ ውኃም ብዙ ቀን ይጓዛል። ነገር ግን የሚቀጥለው ጉድጓድ የት እንዳለ፣ ዘንድሮ ውኃ ይዞ እንደሆነና በዙሪያው ማን እንደ ሰፈረ የሚያውቀው ግመሉ ሳይሆን ሰውዬው ነው።

ከግመል ኪራዩ ሌላ ደግሞ የመሪና የዋስ አገልግሎት ነበረ። በአፋርና በሶማሌ ምድር የሚያልፍ ነጋዴ አባን የሚባል ሰው ይይዛል። አባኑ የአገሩ ተወላጅ ሆኖ፣ እንግዳውን በራሱ ጎሣ ስም የሚያሳልፍ ነው። እንግዳው ላይ የሚደርስ ጥቃት በአባኑ ላይ እንደ ደረሰ ይቆጠራል፤ ነጋዴውም ለዚህ ዋጋ ይከፍላል። ዘመናዊው ሰው ይህንን እንደ ጉቦ ወይም እንደ ሽፍታ ግብር ሊመለከተው ይችላል፤ የቀድሞ አውሮፓውያን ተጓዦችም እንዲህ አድርገው የጻፉ አሉ። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አመለካከት ግን አባንነት ከዛሬው የመድን ዋስትና ጋር የሚቀራረብ፣ በደንብ የተደራጀ አገልግሎት ነበር።

ይህ አገልግሎት ሲጓደል ምን እንደሚሆን ሁለት ምሳሌዎች ያሳያሉ። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ መንግሥት ጦር በስዊሱ በሙንዚንገር መሪነት ያለ ባለ አገሩ ፈቃድ በአውሳ ሊያልፍ ሞክሮ በአፋሮች ተደመሰሰ፤ ሙንዚንገርም በዚያው ሞተ። ከዚህ ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ፣ ባለቅኔነቱን ትቶ ነጋዴ ሆኖ፣ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ ታጁራ ደረሰ። ቅፍለቱ እስኪነሣ ድረስ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው በዚያ ተቀምጧል። ለመዘግየቱ የጦር መሣሪያ ክልከላና የሸሪኮቹ ሞትም ምክንያቶች ነበሩ፤ ነገር ግን ግመልና የማለፊያ ፈቃድ ሳይገኝ የባሕር በር ላይ ያለ ጠመንጃ ለባለቤቱ ከእዳ አይለይም ነበር። መንገዱን ከጀመረ በኋላ አንኮበር የደረሰው በ1879 ዓ.ም. ነው።

ክፉ ቀንና የበሬ ዋጋ

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን ካልተነሣ የሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የከብት ገበያ ሊገባን አይችልም። ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋር የመጣው የከብት ደስታ በሽታ የአገሪቱን የቀንድ ከብት አብዛኛውን ፈጀ። ገበሬው በሬ አጣ፤ በሬ በማጣቱም መሬቱ ጦም አደረ፤ ረኃቡም ሰውን ፈጀ።

ከዚያ በኋላ ለነበረው አንድ ትውልድ ያህል ጊዜ በደጋው ገበያ ከምንም ነገር በላይ የሚፈለገው ለእርሻ የሚሆን በሬ ነበር። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ ምንም የሌለው ደግሞ በጉልበቱ ወይም በእህል እየከፈለ የሌላውን በሬ ይጠምዳል። ስለዚህ በአገራችን የእንስሳ ጉልበት በኪራይና በውል የመገበያየቱ ልማድ በቆላው ቅፍለት ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ የደጋውም ገበሬ የሚያውቀው ነው። በደጋና በቆላ ጠረፍ ያሉት ገበያዎች ማለትም ሰንበቴ በእሑድ፣ ባቲ በሰኞ የሚቆሙት ሁለቱን ዓይነት ፈላጊዎች የሚያገናኙ ናቸው። በወሎና በትግራይ ደጋ ጠርዝ ለእርሻ የሚወደደው ረዥም ቀንድ ያለው የራያና አዘቦ በሬ ከአፋሩ ከብት ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው የእንስሳት ዘር አጥኚዎች ይስማማሉ። ይህ ዝምድና ራሱ የጠረፉ ገበያ ምን ያህል ረዥም ዕድሜ እንዳለው ምስክር ይሆናል።

በዚያው ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ የገጠር ከተሞች የፈረስ ማቆሚያና ማከራያ ጋጣ፣ የፈረስ ጫማ የሚመታ አንጥረኛ፣ ድንጉላ ፈረስ ለማዳቀያ የሚያቀርብ አርቢ፣ እነዚህ ሁሉ በየሳምንቱ በሚወጣ የከተማው ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎቻቸው የዚያን ዘመን ኑሮ ከእነዚህ ማስታወቂያዎች ያነባሉ። በእኛ አገር በቅሎና ፈረስ በልማድ የብረት ጫማ አይደረግላቸውም ነበር፤ በአዋሽ ዳርም ጋዜጣ አልነበረም። ነገር ግን አገልግሎቱ በዓይነቱ አያንስም፤ የሚነገርበት መንገድ ብቻ ይለያል።

ባቡሩ ሲመጣ

የሐዲዱ ሥራ በጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦትና በአውሮፓ መንግሥታት ሽኩቻ ምክንያት ወደቀ፤ በ1900ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ ውል ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለ። ሐዲዱ አዋሽን አልፎ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

እዚህ ላይ በመማሪያ መጻሕፍት የማይነገር አንድ ነገር አለ። ድሬዳዋ በባቡር ከተደረሰችበት ጊዜ አንሥቶ አዲስ አበባ እስክትደረስ ድረስ ወደ ዐሥራ አምስት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባቡሩ ያመጣው ዕቃ ድሬዳዋ ላይ ተራግፎ የቀረውን መንገድ የተጓዘው በእንስሳ ጀርባ ነው። ሁለት መንገድ ነበረው፤ አንደኛው በጨርጨር ደጋ የሚያልፈው የበቅሎ መንገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከደጋው በታች በቆላው በረሃ አልፎ አዋሽን የሚሻገረው የግመል መንገድ ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለምኒልክ በአዋሽ ላይ የሠራው ድልድይም የቅፍለት መንገድን ያገለግል ነበር። እንግዲህ ባቡሩ በመጀመሪያ ያደረገው የግመሉን ሥራ ማጥፋት ሳይሆን ማብዛት ነው። በመርከብና በባቡር የሚመጣው ዕቃ በበዛ ቁጥር ከሐዲዱ ጫፍ የሚያነሣው ጀርባ ይበልጥ ተፈለገ።

ሐዲዱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ቢሆን ለውጡ በአንድ ጊዜ የተፈጸመ አይደለም። የኩባንያው የጭነት ዋጋ ከፍተኛ ስለ ነበረ ነጋዴዎች ለብዙ ጊዜ አማርረዋል፤ በአንዳንድ ዕቃ ረገድ የግመል ቅፍለት ከባቡሩ ጋር ሲወዳደር ቆይቷል። ቢሆንም የግመሉ መንገድ ቅርጹን እየለወጠ ሄደ። ቀድሞ ከባሕር እስከ ደጋ የሚዘልቀው ረዥም ጉዞ አጥሮ፣ ከየመንደሩና ከየግጦሹ ወደ ጣቢያው፣ ከጣቢያውም ወደ ውስጥ የሚመላለስ ሆነ። ከታሪክ ይልቅ በኢኮኖሚ ትምህርት ቋንቋ ለመናገር፣ ግመሉ የባቡሩ ተወዳዳሪ መሆኑ ቀርቶ መጋቢው ሆነ።

አዋሽ ጣቢያ በዚህ ረገድ የተለየ ቦታ ነበራት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንገደኛ የያዘው ባቡር ሌሊት ስለማይጓዝ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመግባት ሦስት ቀን ይወስድ ነበር፤ ማደሪያዎቹም ድሬዳዋና አዋሽ ነበሩ። ስለዚህ በወንዙ ገደል አጠገብ ባለው በዚህ ሞቃት ሜዳ ላይ መንገደኛ የሚያድርበት፣ የሚበላበትና የሚጠጣበት ቤት አስፈለገ። የጣቢያው ሆቴልም የተሠራው ለዚህ ነው። መንገደኛው የሚበላው ሥጋና ቅቤ በአካባቢው ካሉት ከአፋርና ከከረዩ አርብቶ አደሮች የሚገኝ ነው። እንደ ሌሎቹ የሐዲዱ ጣቢያዎች ሁሉ የየመን አረቦች፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና የደጋ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። አቡጀዴ፣ ስኳር፣ ትምባሆ፣ ክብሪትና ላምባ በባቡሩ ከሚመጡት ዕቃዎች ዋና ዋናዎቹ ነበሩ። በሚመለሰው ባቡር ደግሞ ቡናና ቆዳ ይጫን ነበር። ቡናው የደጋው ሲሆን፣ ቆዳውና ሌጦው ግን በከፊል የቆላው አርብቶ አደር ሀብት ነው።

ይህንን የልውውጥ ሚዛን በቅርብ ከተመለከቱት ሰዎች መካከል ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይገኙበታል። እርሳቸው የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋል። በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር እንዴት በልውውጡ እንደሚጎዳ ያብራራል። ቆዳ የሚጫንበትንና አቡጀዴ የሚራገፍበትን ሐዲድ በሥራቸው ያዩ ሰው መሆናቸውን ስናስታውስ የመጽሐፉ ሐሳብ ከየት እንደ ተነሣ ለመረዳት አያዳግትም።

የአዋሽ ጣቢያ የእንስሳ አገልግሎት ገበያ ሆና መቆየቷን የሚያሳዩ ሁለት የታወቁ ጉዞዎች አሉ። በ1920 ዓ.ም. ኔዝቢት የተባለው መሐንዲስ ከሁለት ጣሊያኖች ጋር ሆኖ የአፋርን ምድር ከደቡብ ወደ ሰሜን ሊያቋርጥ የተነሣው ከዚህች ጣቢያ ነው። በ1926 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቴሲጀር አዋሽ ወንዝ የት እንደሚያልቅ ለማየት ጉዞውን ከዚሁ ጀመረ። ሁለቱም እስከ ጣቢያው በባቡር መጡ፤ ከጣቢያው ወዲያ ግን በግመል፣ በግመል ነጂዎችና በአገሩ መሪዎች ላይ ተማመኑ። ሁለቱም ስለ ጉዞአቸው መጽሐፍ ጽፈው ዝና አግኝተዋል፤ የመሩአቸውና ግመሎቻቸውን የነዱላቸው ሰዎች ግን በትምህርት ቤቶቻችን እንኳ አይነሡም።

በገበያ የማይሸጠው

ስለሚሸጠው ነገር ስንናገር የማይሸጠውንም ማወቅ ይገባል። በአፋር ባህል ወተት ለእንግዳ፣ ለጎረቤትና ለተቸገረ የሚሰጥ እንጂ በገንዘብ የሚለወጥ አልነበረም፤ ወተት መሸጥ ነውር ነበር። ቅቤ ይሸጣል፤ እንስሳው ይሸጣል፤ ወተቱ አይሸጥም። ይህ ልማድ በከተሞች አካባቢ እየላላ መጥቷል። የደጋ ተወላጅ የሆነ መምህር በአፋር ትምህርት ቤት ተመድቦ ወተት በዋጋ ልግዛ ሲል የሚገጥመው ዝምታ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው የማይሸጥ ነገር ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሳይቸኩሉ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ግጦሽ የት እንደ በቀለ፣ የትኛው መንደር በሽታ እንደ ገባበት፣ በገበያው ፍየል በስንት እንደ ዋለ። ያየውንና የሰማውን ለይቶ መናገር የዳጉ ሕግ ነው፤ የሐሰት ዳጉ መናገርም ያዋርዳል። ከላይ የተጠቀሰው የፈረንጆቹ የገጠር ጋዜጣ ማስታወቂያ የሚሠራውን ሥራ በአዋሽ ሸለቆ የሚሠራው ይህ ነበር፤ ልዩነቱ ዳጉ በነጻ መሆኑና መልስ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። የሰማ ሰው የራሱን ሳይነግር አይሄድም። የግመል ኪራዩም ሆነ የመሪው ዕውቀት ዋጋ ያለው በዚህ ነጻ ወሬ ላይ ስለ ተመሠረተ ነው።

አውሳና እህሉ

የታችኛው አዋሽ ሁኔታ ከላይኛው ይለያል። ወንዙ ወደ ሐይቆቹ ከመግባቱ በፊት በአውሳ ሜዳ ላይ ተበታትኖ ስለሚፈስ በጎርፉ ደለል ላይ ማሽላና በቆሎ ይመረታል። ስለሆነም አውሳ ከአርብቶ አደር አገር መካከል ያለች የእርሻ ደሴት ነበረች ለማለት ይቻላል። ከአሳል ሐይቅ ጨው ጭኖ የሚመጣው ቅፍለት በዚያ ያልፋል፤ በዙሪያው ያለው አርብቶ አደር እህል ፍለጋ ወደዚያ ይወርዳል።

ይህንን ሁሉ የሚቆጣጠሩት ሱልጣኖቹ ነበሩ። ከ1890ዎቹ በፊት ለብዙ ዓመታት የገዙት ሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ከአንድ በኩል ከሸዋ፣ ከሌላው በኩል ከጣሊያን ጋር ይዋዋሉ የነበሩት በመንገዱ ባለቤትነታቸው ነው። ቴሲጀር በ1926 ዓ.ም. አውሳ በደረሰ ጊዜ ያነጋገራቸው ሱልጣን መሐመድ ያዮም እንግዳው እንዲያልፍ ወይም እንዳያልፍ የመወሰን ሥልጣን ነበራቸው። አባኑ በመንደር ደረጃ የሚሸጠውን የማለፊያ ዋስትና ሱልጣኑ በአገር ደረጃ ይሰጡ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የበጋው ግጦሽ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው አገልግሎት ሁሉ መሠረቱ አንድ ነው፤ እርሱም በበጋ ወራት ሳር የሚገኝበት የወንዙ ዳር መሬት ነው። በክረምት ዝናብ መንጋው በሰፊው ሜዳ ይሰማራል። ሜዳው ሲደርቅ ግን ግመሉም ከብቱም ወደ አዋሽ ይመለሳል። የወንዙ ዳር መሬት ከጠቅላላው አገር ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ያለ እርሱ ግን የቀረው ሰፊ ሜዳ ዓመቱን ሙሉ መንጋ ሊይዝ አይችልም።

በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሲሠራና በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን ሲቋቋም ዕቅድ አውጪዎቹ የተመለከቱት ውኃውንና መሬቱን ነው። ጎርፉ ተገደበ፤ በተንዳሆ፣ በአሚባራና በላይኛው ሸለቆ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ሔክታር ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ ዋለ፤ በዚያው ዘመን ማብቂያ ላይ የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም የከረዩንና የአፋርን ግጦሽ በከፊል ከለለ። እርሻው ምርት አልሰጠም አይባልም፤ ሰጥቷል። ነገር ግን ለእርሻው የተመረጠው መሬት መንጋው የበጋን ወራት የሚያልፍበት ያው መሬት ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ድርቅ በገባ ጊዜ መንጋው የሚመለስበት ወንዝ ዳር በጥጥ ተይዞ ጠበቀው። በዚያ ረኃብ ክፉኛ ከተጎዱት ሕዝቦች አንዱ የአፋር ሕዝብ መሆኑ የታወቀ ነው። በወቅቱ በነበረው የቢሮ ቋንቋ «ዘላን» ይባል ስለ ነበር፣ የሚዘልለው ከየት ወዴትና በየትኛው ወር እንደሆነ ለመጠየቅ የቸኮለ አልነበረም። ቃሉ ራሱ ጥያቄውን ይዘጋዋል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚጠቀስ አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ። ክፉ ቀንን ያመጣው የከብት ደስታ በሽታ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻ መሸሸጊያው የሆነው አፋር ነበር። የቀድሞው ክትባት በበረዶ ካልተያዘ የሚበላሽ በመሆኑ መኪና በማይገባበት ቆላ ሊሠራ አልቻለም። በ1980ዎቹ ሙቀት የሚችል ክትባት ተገኝቶ ሲመጣ፣ ሥራው የተሰጠው በአጭር ኮርስ ለሠለጠኑ ለራሳቸው ለአፋር አርብቶ አደሮች ነበር። መንጋው የት እንዳለ ያውቃሉ፤ በእግርና በግመል ይደርሱበታል፤ ባለቤቱም ያምናቸዋል። የመጨረሻው በሽታ በኅዳር 1988 ዓ.ም. በአፋር ታየ፤ ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ አልተመለሰም። በሽታው ከዓለም መጥፋቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ታወጀ። የቀድሞው ግመል አከራይ ለነጋዴው ይሸጥ የነበረውን ዕውቀት እነዚህ ሰዎች ለእንስሳት ሕክምና አውለውታል።

በክፍል ውስጥ ስለሚሠራ ሥራ

የአዋሽም ሆነ የሰመራ መምህር ይህንን ታሪክ ለማስተማር የጎደለው ቤተ መጻሕፍት ሳይሆን የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ተማሪዎቹ የአካባቢውን ካርታ ሥለው አራት ነገር እንዲያሳዩበት ማድረግ ይቻላል፤ የቀድሞው የግመል መንገድ፣ የውኃ ጉድጓዶቹ፣ የበጋው ግጦሽና ዛሬ በእነዚያ ቦታዎች ላይ ያለው ነገር። በአዋሽ ከተማ የአሮጌው ሐዲድ ጣቢያ ራሱ የመማሪያ መሣሪያ ነው። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የባቡር መስመር በመዘርጋቱ፣ ተማሪው ሁለቱን ሐዲዶች አስተያይቶ እያንዳንዳቸው ከአካባቢው ገበያ ምን እንደሚወስዱና ምን እንደሚያመጡ ሊመዘግብ ይችላል። በሰመራ በኩል ከተማዋ አዲስ በመሆኗ ጥናቱ ወደ ሎጊያ፣ ወደ ዱብቲና ወደ አሳይታ መዝለቅ ይኖርበታል።

ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ይኸው ካርታ ለቦይ ሥራ ከሚነሣው ካርታ ጋር ተደርቦ ቢታይ ጥቅሙ ቀጥተኛ ነው፤ የበጋው ግጦሽ የቱ ጋ እንደሆነ መሬቱ ከተቆፈረ በኋላ ሳይሆን ከመቆፈሩ በፊት ይታወቃል።

ቃለ መጠይቅ በሚደረግበት ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ድሮ እንዴት ነበር?» የሚል ሰፊ ጥያቄ ባይሆን ይመረጣል። ለአንድ ግመል ጭነት ስንት ገመድ ያስፈልግ ነበር? ከየትኛው ዛፍ ይሠራል? እያንዳንዱ የጭነት እንጨት በአፋርኛ ስሙ ማን ነው? ከመንደሩ እስከ ጣቢያው ስንት ሌሊት ይታደር ነበር? ውኃውስ የማን ነበር? በአፋር ቤቱን አፍርሶ ግመል ላይ የሚጭነው፣ ሰሌኑንም የሚሠራው ሴቷ ናት። ስለዚህ ስለ ገመዱና ስለ ጭነቱ እንጨት ሽማግሌዎቹ ከመጠየቃቸው በፊት አሮጊቶቹ ቢጠየቁ መልሱ የተሟላ ይሆናል።